ለጋይንት መንገድ የሚሆን ሳይክል፦ የጥገና፣ የመለዋወጫና የቱብለስ ጎማ ዳሰሳ

ባሕር ዳር ላይ ሳይክል የከተማዋ መልክ ነው። ሜዳው ለጥ ያለ በመሆኑ ተማሪውም ሠራተኛውም ለዓመታት ሲነዳ ኖሯል። ባጃጅ በዝቶ ሳይክልን ቢገፋውም ጨርሶ አላጠፋውም፤ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይም ለሳይክል የሚሆን መስመር ይዞ ነው የተሠራው። ከዚያው ከባሕር ዳር ተነስቶ፣ በወረታና በደብረ ታቦር አድርጎ፣ የጉናን ትከሻ ተሻግሮ ወደ ጋይንት ሲዘለቅ ግን ሳይክል እየሳሳ ይሄዳል። አርብ ገበያ፣ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ ሲደረስ መንገዱ የእግረኛ፣ የበቅሎ፣ የባጃጅና የአይሱዙ ነው። ለምን ቢባል መልሱ ወዲያው ይመጣል፤ «ዳገቱ መች ያስነዳል!»

ዳገቱ እውነት ነው፤ ማንም አይክደውም። ነገር ግን ማውንቴን ሳይክል የሚባለው ዓይነት ለዳገት፣ ለቁልቁለትና ለኮረኮንች የተበጀ ነው፤ ሰፊ ጎማ፣ ቀላል ማርሽና ጠንካራ ፍሬን አለው። እንዲህ ያለው ሳይክል ወደ ገጠር ከተሞቻችን ሳይገባ የቀረበት ጊዜም የለም። ዘመድ ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ማዶ ይልካል፣ ተማሪ ሲመለስ ይዞ ይመጣል፣ ድርጅት ለሠራተኛው ይሰጣል። ጣጣው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ጎማው ይበሳል፤ ቫልቩ ከጎሚስታው መንፊያ ጋር አይገጥምም። ሰንሰለቱ ይበጠሳል፤ ገበያ ላይ ያለው ሰንሰለት ስፋቱ ሌላ ነው። የፍሬኑ ሸራ ያልቃል፤ ቅርጹን የሚመስል አይገኝም። ከጥቂት ወራት በኋላ ሳይክሉ ግድግዳ ተደግፎ አቧራ ይጠጣል። ሳይክልን ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ያራቀው ዳገቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምንም ማድረግ አይቻልም ነበር። የመለዋወጫና የጥገና ችግር ግን መላ አለው፤ የዚህ ዳሰሳ ጉዳይም እሱ ነው።

መልክዓ ምድሩን ሳያዩ ስለ ዕቃው መነጋገር አይቻልም። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ ርብና ጉማራ ከእሱ ተነስተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። በሌላው ወገን የጋይንትና የስማዳ ደጋ ወደ በሽሎ ሸለቆ ይናዳል። ከደጋው አፋፍ ወደ ቆላው መውረድ በቀላሉ የ1,000 ሜትር ቁልቁለት ነው። ወረታን ከወልዲያ የሚያገናኘው፣ ቻይናዎች የሠሩት መንገድ በዚህ ደጋ ላይ ያልፋል፤ ከእሱ ወጣ ሲሉ ግን በበጋ ጠጠርና ድንጋይ፣ በክረምት ጭቃ ነው። በዚህ ምድር ላይ ጎማ ያለው ነገር ማንቀሳቀስ ምን ያህል እንደሚከብድ ታሪክ መዝግቦታል። ዓፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን፣ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ ራሳቸው ከሠራዊቱ ጋር ድንጋይ እያነሱ መንገዱን እየጠረጉ ነበር የሄዱት። ጉዞው ወራት ፈጀ። ብረቱን የቀጠቀጡት ሠራተኞችም አብረው ተጓዙ፤ መንገድ ጠራጊውና ጠጋኙ ከጭነቱ ጋር ባይሄዱ ኖሮ መድፉ ከጋይንት ባላለፈ ነበር።

ቁልቁለትና ፍሬን

ስለ ጎማ ከመነሳቱ በፊት ፍሬን መቅደም አለበት፤ ጎማ ቢበሳ ሰው በእግሩ ይገባል፣ ፍሬን ቢከዳ ግን ገደል ነው። ነጂውና ሳይክሉ አንድ ላይ 90 ኪሎ ቢመዝኑና 1,000 ሜትር ቢወርዱ፣ አየሩ የሚሸከመውን ትተን ፍሬኑ ላይ የሚያርፈው ጉልበት ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ቀዝቃዛ ውኃ የሚያፈላ ሙቀት ነው። ይህ ሁሉ ሙቀት የሚወጣው ከቸርኬው ወይም ከአንዲት ቀጭን ዲስክ ነው።

ማውንቴን ሳይክል ራሱ የተወለደው ከዚህ ችግር ውስጥ ነው ቢባል ብዙ አልተጋነነም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ፣ ማውንት ታማልፓይስ በሚባል ተራራ ላይ ወጣቶች ያረጁ ባለ አንድ ማርሽ ሳይክሎችን እየሰበሰቡ በአቧራማው መንገድ ቁልቁል ይወርዱ ነበር። ፍሬናቸው ፔዳልን ወደ ኋላ ሲረግጡ የሚይዘው፣ የኋላ ሞዞ ውስጥ ያለው ዓይነት ነው። አንድ ቁልቁለት ጨርሰው ሲቆሙ ሞዞው ውስጥ ያለው ግሪስ ጨሶ ያልቃል፤ ፈትቶ አዲስ ግሪስ መሙላት የግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 የጀመሩት ውድድር መጠሪያውንም ያገኘው ከዚሁ የግሪስ ሙሌት ነው። ማርሹና የተሻለው ፍሬን የተጨመረው ቆየት ብሎ ነው።

ለጋይንት ቁልቁለት የትኛው ፍሬን ይሻላል? በገበያችን ብዙ የሚታየው ቸርኬውን ግራና ቀኝ በጎማ የሚይዘው ነው። ርካሽ ነው፣ ማንም ይጠግነዋል፣ የፍሬን ጎማውም አይጠፋም። ሁለት ጉድለት ግን አለበት። በረጅም ቁልቁለት ቸርኬው ይግላል፤ ሙቀቱ ወደ ካላማዳሪያው ያልፍና የልጣፊውን ማስቲሽ ያላላዋል። ትናንት የተለጠፈ ጎማ ዛሬ ቁልቁለቱ መሐል ላይ የሚተነፍሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ጉድለት በክረምት ይመጣል፤ ጭቃና አሸዋ በፍሬን ጎማውና በቸርኬው መካከል ገብቶ ብረቱን ይሞርደዋል። የቸርኬው ጎን እየሳሳ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ አንድ ቀን በጎማው ግፊት ይፈነዳል። ጣትን በቸርኬው ጎን ላይ አሳልፎ ስርጉድ መኖሩን ማየት ገንዘብ የማያስወጣ ምርመራ ነው።

ዲስክ ፍሬን ሁለቱንም ችግር ይቀንሳል። በዘይት የሚሠራው ከሁሉ የበለጠ ይይዛል፤ ግን ዘይቱ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዱ አምራች የመኪና ፍሬን ዘይት፣ ማለትም ዶት የሚባለውን ይጠቀማል። ሺማኖ ደግሞ ሚኒራል ዘይት ብቻ ነው የሚጠቀመው። ዶት በየከተማው የመኪና ዕቃ መሸጫ አለ፤ ሚኒራሉ ግን ተፈልጎ ነው የሚገኘው። አንድ መካኒክ በቅንነት ዶቱን ሚኒራል በሚጠጣ ፍሬን ውስጥ ቢሞላው የውስጥ ጎማዎቹ ያብጡና ፍሬኑ ይበላሻል። ስለዚህ ከደብረ ታቦር ወዲያ ለሚኖር ሰው የእኔ ምርጫ በገመድ የሚሳብ ዲስክ ነው። ገመዱ ቢበጠስ የሞተር ሳይክል ፍሬን የሚሠራ ሰው ይተካዋል። ሸራው ከብረት ቅንጣት የተጋገረው ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ ለስላሳው በጭቃ ቶሎ ያልቃል።

እሾህ፣ ድንጋይና ካላማዳሪያ

በአካባቢው ጎማ የሚበሳው በሁለት መንገድ ነው፤ መድኃኒታቸውም ይለያያል። አንደኛው እሾህ ነው። ወደ ቆላው ሲወረድ ግራሩ አለ። ደጋው ላይም ቢሆን ለማሳና ለበረት የሚታጠረው ቀንጠፋና አጋም ተቆርጦ ሲጎተት ቅርንጫፉ መንገድ ላይ ይቀራል። ሁለተኛው ድንጋይ ነው። ጎማው በደንብ ሳይነፋ ሹል ድንጋይ ሲመታ ካላማዳሪያው በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ይቆነጠጥና ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣል። ቀዳዳው አንድ ከሆነ እሾህ፣ ጥንድ ከሆነ ንፋስ ማነስ ነው፤ ይህን የሚለይ ጎሚስታ ልጣፊ ብቻ ሳይሆን ምክርም ይሰጣል።

የጎሚስታው ሥራ ቀላል ይመስላል። ጎማውን በመፍቻ ያወልቃል፣ ካላማዳሪያውን አውጥቶ ይነፋል፣ ውኃ በያዘ ሳፋ ውስጥ ክፍል በክፍል እየነከረ አረፋ የሚወጣበትን ይፈልጋል። ቦታውን ያደርቅና በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል፣ ማስቲሽ ይቀባል፣ ልጣፊውን ይጭንና በመዶሻ መታ መታ ያደርገዋል። ሥራው የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው። ማስቲሹ ገና እያብረቀረቀ ልጣፊ ከተጫነበት አይዝም፤ መልኩ ደብዘዝ እስኪልና ጣት ሲነካው እርጥብ እስከማይሆን መጠበቅ ያስፈልጋል። ሌላው ደግሞ የጎማውን ውስጥ በእጅ አለመዳሰስ ነው። እሾሁ ጎማው ውስጥ ከተቀመጠ አዲሱን ካላማዳሪያ በዚያው ቀን ይወጋዋል። ሲዳሰስ ጨርቅ መያዝ ይሻላል፤ እሾሁ ጣትንም አይምርም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ቫልቭ ነው። የመኪና፣ የባጃጅና የሞተር ሳይክል ቫልቭ ወፍራሙ፣ ሽሬደር የሚባለው ነው። ውድ ማውንቴን ሳይክሎች ግን ቀጭኑን፣ ፕሬስታ የሚባለውን ይዘው ይመጣሉ፤ ጫፉ ላይ የሚላላ ትንሽ ፍሬ አለው። የባጃጅ ጎሚስታ ኮምፕረሰር ፕሬስታ ላይ አይገጥምም። መላው እጅግ ትንሽ ነው፤ ከነሐስ የተሠራች፣ ከጣት ጥፍር የማትበልጥ መለወጫ አለች። ሳይክል የሚልክ ሰው እሷን ጨምሮ ቢልክ ነጂው በማንኛውም ከተማ ይነፋል። የቸርኬው ቀዳዳም ይለያያል፤ ለፕሬስታ 6.5 ሚሊ ሜትር፣ ለሽሬደር 8.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሰፊ ቸርኬ ከሆነ ቀዳዳውን በጥንቃቄ አስፍቶ ሽሬደር ማስገባት ይቻላል። ጠባብ ቸርኬ ላይ ግን አይሞከርም፤ ይዳከማል።

ቱብለስ

ካላማዳሪያ የሌለው ጎማ ለመኪና ነጂ አዲስ ነገር አይደለም። በማውንቴን ሳይክል ላይ በስፋት የገባው የፈረንሳዩ ማቪክ ከሃቺንሰንና ከሚሽለን ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 ካወጣው ቸርኬና ጎማ በኋላ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2001፣ ስታንስ ኖ ቱብስ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ተመሠረተ፤ ተራ ቸርኬን በፕላስቲክ ቴፕ አሽጎ ውስጡ ፈሳሽ ጎማ በመጨመር ቱብለስ ማድረግን አስለመደ። ዛሬ በዓለም ላይ የሚሸጥ ጥሩ ማውንቴን ሳይክል አብዛኛው ለዚሁ ተዘጋጅቶ ይመጣል።

ማሸጊያ ፈሳሹ፣ ሲላንት የሚሉት፣ በአመዛኙ ውኃ ውስጥ የተበተነ ላቴክስ ነው። እንዳይረጋ አሞኒያ፣ ወደ በረዶ እንዳይለወጥና ቶሎ እንዳይደርቅ ግላይኮል፣ ቀዳዳ እንዲደፍን ደግሞ ደቃቅ ቅንጣት ይጨመርበታል። እሾህ ሲወጋ አየሩ በቀዳዳው ሲሾልክ ፈሳሹን ይዞ ይወጣል፤ ላቴክሱ አየር ሲነካው ይረጋል፣ ቅንጣቱ ይጠላለፍበታል፣ ቀዳዳው በሰከንዶች ውስጥ ይደፈናል። ነጂው ብዙ ጊዜ መወጋቱንም አያውቅም። ካላማዳሪያ ስለሌለ የሚቆነጠጥ ነገር የለም፤ ስለዚህ ንፋሱን ቀንሶ፣ ከ22 እስከ 30 ፒ.ኤስ.አይ. ባለው መጠን እንደ ነጂው ክብደት፣ ጎማው ድንጋዩን እንዲያቅፍ ማድረግ ይቻላል። ለእሾህና ለድንጋይ አገር ከዚህ የተሻለ ነገር አልተሠራም።

እዚህ ላይ ግን ለአርብ ገበያ ነዋሪ በግልጽ ሊነገረው የሚገባ ነገር አለ። ሲላንት አላቂ ነው። ጎማው ባይበሳም ውኃው በጎማው ቀስ እያለ ይተንናል፤ እንደ አየሩ ሁኔታ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ይቆያል፤ ደረቅና ሞቃት በሆነ አገር ወደ ሁለቱ ወር ይጠጋል። የኅዳርና የመጋቢት ደረቅ ነፋስ፣ የቆላው ሙቀትም ሲጨመር፣ በየሦስት ወሩ መሙላት ያስፈልጋል ማለት ነው። ለ29 ኢንች ጎማ ከ90 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ይገባል። አንድ ሊትር ጠርሙስ ለሁለቱ ጎማ አራት ጊዜ ያህል ይሞላል፤ አንድን ሳይክል አንድ ዓመት ያደርሳል። ያ ጠርሙስ ከተገኘ ቱብለስ በጋይንት ይሠራል፤ ካልተገኘ ግን ጎማው በሦስተኛው ወር ባዶ ቱብለስ ይሆንና መጀመሪያ ያገኘው እሾህ ያስቆመዋል።

ፈሳሹ መኖሩን ለማወቅ ጎማውን መፍታት አያስፈልግም። የቫልቩን መርፌ አውጥቶ ቀጭን ሽቦ ወይም እንጨት ወደ ታች መስደድ ነው፤ እርጥብ ሆኖ ከወጣ አለ፣ ደርቆ ከወጣ አልቋል። ጠርሙሱ ከመቀዳቱ በፊት አጥብቆ መነቅነቅ አለበት፤ ደፋኙ ቅንጣት ሥሩ ይዘቅጣልና። የአንዱን ፋብሪካ ፈሳሽ ከሌላው ጋር መቀላቀል አይመከርም፤ አንዳንዱ ሲገናኝ ይረጋል። ከስድስት ሚሊ ሜትር የሰፋ ቀዳዳን ፈሳሹ ብቻውን አይደፍነውም፤ ለመኪና ቱብለስ የሚሰካውን ሬንጅ መሳይ የጎማ ገመድ ቀጠን አድርጎ መሰካት ነው፤ ይህን ሥራ የመኪና ጎሚስታ ያውቀዋል።

ከፍታውም የራሱ ጣጣ አለው። ወደ 3,000 ሜትር ሲወጣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ነው። የእጅ መንፊያ በየግፊቱ የሚያስገባው አየር በዚያው ልክ ይሳሳል፤ ቱብለስን መጀመሪያ ከቸርኬው ከንፈር ጋር የሚያስቀምጠው ድንገተኛ የአየር ግፊት ደግሞ በእጅ መንፊያ በደጋ ላይ አስቸጋሪ ነው። የባጃጅ ጎሚስታው ኮምፕረሰር እዚህ ጋ ነው የሚያስፈልገው፤ የቫልቩ መርፌ ተነቅሎ ቢነፋ አየሩ በሙሉ ኃይሉ ይገባል። በወረታ የተነፋ ጎማ የጉናን ትከሻ ሲወጣ ይፈነዳል የሚለው ስጋት ግን መሠረት የለውም። የውጭው አየር መሳሳት ከሁለት ፒ.ኤስ.አይ. ያነሰ ነው የሚጨምረው፤ ከዚያም አብዛኛውን የደጋው ቅዝቃዜ መልሶ ይወስደዋል።

ፈሳሹ ሲጠፋ ምትክ መፈለግ የሰው ልማድ ነውና አንድ ማስጠንቀቂያ ላክል። የቁልቋል ወተት ነጭና የሚጣበቅ ስለሆነ ላቴክስን ይመስላል። ላቴክሱን አይተካም፤ በውስጡ ያለው የሚያቃጥል ሙጫ ቆዳን ያቆስላል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ብርሃን እስከማጥፋት ይደርሳል። ንፋስ ባለው ጎማ ውስጥ ገብቶ በቀዳዳ ሲረጭ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ማሰብ ነው። ማንም እንዳይሞክረው።

በተራው ካላማዳሪያና በቱብለሱ መካከል ያለው መንገድ ለእኔ የተሻለው ነው። ሽሬደር ቫልቭ ያለው ካላማዳሪያ መርፌው ይወጣል፤ መንቀያዋም በየጎሚስታው ኪስ አለች። በዚያ በኩል ለሞተር ሳይክል ካላማዳሪያ የሚሸጠውን፣ ግላይኮልና ቃጫ ያለውን ፈሳሽ 120 ሚሊ ሊትር ያህል መጨመር ይቻላል። ከላቴክሱ ይልቅ ብዙ ይቆያል፣ እሾህንም ይደፍናል። ሁለት ነገር ግን አያደርግም፤ ድንጋይ ቆንጥጦ ያወጣውን ጥንድ ቀዳዳ አያሽግም፤ ካላማዳሪያው አንዴ ከተቀደደ ደግሞ ውስጡ ስለረጠበ ልጣፊ በደንብ አይዝበትም። ስለዚህ ወፍራም ጎማ መርጦ ንፋሱን ከ35 ፒ.ኤስ.አይ. በታች አለማውረድ ነው።

ሰንሰለት፣ ኩሽኔታና የግራ ፔዳል

ሰንሰለትን በተመለከተ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው በአንድ ማስመሪያ ሊታወቅ በሚችል ነገር ነው። አዲስ ሰንሰለት ከፒን እስከ ፒን 24 ግማሽ መያያዣ ሲለካ 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 306.4 ሲደርስ መለወጥ አለበት። 308 ካለፈ የማርሹን ጥርስም በልቷል፤ አዲስ ሰንሰለት ቢገባ እንኳ እየዘለለ ያስቸግራል፣ ሁለቱም ይለወጣሉ። በየወሩ የሚለካ ሰው ሦስት ሰንሰለት በአንድ ማርሽ ይጨርሳል፤ የማይለካ በአንድ ሰንሰለት ማርሹን ያጣል።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት በየቦታው ተለምዷል። ጥቁሩ ዘይት ከሞተሩ የወጣ የብረት ብናኝ ይዟል፣ አቧራም ይስባል፤ ሰንሰለቱን ይሞርደዋል እንጂ አያድነውም። ንጹሕ ዘይት በየመያያዣው ጠብ አድርጎ የተረፈውን በጨርቅ መጥረግ ይበቃል። በበጋ አቧራ ደግሞ የቀለጠ የሻማ ፓራፊን ከዘይት ይሻላል፤ ሰንሰለቱ በነጭ ጋዝ ታጥቦ ደርቆ ይነከራል፣ ሲቀዘቅዝ አቧራ አይዝም። የንብ ሰም አይሆንም፤ ይጣበቃል።

ሳይክል ሲመረጥ የማርሹ ቁጥር ሲበዛ የተሻለ የሚመስለው ብዙ ነው። የስድስት፣ የሰባትና የስምንት ማርሽ ሰንሰለት አንድ ዓይነት ነው፤ በየትኛውም የሳይክል ዕቃ መሸጫ ይገኛል። ከዘጠኝ ጀምሮ ሰንሰለቱ እየቀጠነ፣ እየተወደደ፣ እየጠፋ ይሄዳል። ባለ 12 ማርሽ ሳይክል በጋይንት መንገድ በእርግጥ ደስ ይላል፤ ሰንሰለቱ እስኪበጠስ ድረስ ነው። ባለ ስምንት ማርሽ ይበቃል፤ ካሴቱ ሞዞው ላይ የሚንሸራተት እንጂ የሚጠመዘዝ ዓይነት ባይሆን ደግሞ የኋላ አክሱ ቶሎ አይታጠፍም።

ኩሽኔታም እንዲሁ። አሮጌው ዓይነት ሞዞ በልል ኳሶች ነው የሚሠራው፤ ኳሱ ለኋላ ሩብ ኢንች፣ ለፊት አብዛኛውን ጊዜ 3/16 ኢንች ነው። ኳሱን በቁጥር ገዝቶ፣ አሮጌውን ግሪስ አጥቦ፣ አዲስ ሞልቶ መግጠም የማንኛውም ጋራዥ ሥራ ነው። ፔዳል የሚዞርበት ክፍል በግፊት የሚገባ ኩሽኔታ ከሆነ ግን ያለ ልዩ መሣሪያ አይነቃነቅም። በመዶሻ የገባ ኩሽኔታ ብዙ ፍሬም አበላሽቷል።

ስለ ግራ ፔዳልም ማንሳት ግድ ነው። ጥርሱ በተቃራኒ ነው የሚዞረው፤ እንደ ሌላው ብሎን ወደ ቀኝ አጥብቃለሁ ያለ ይፈታዋል፣ በጉልበት የገፋ ደግሞ የክራንኩን ጥርስ ይፈጨዋል። ከዚያ በኋላ ክራንኩ ካልተለወጠ ሳይክሉ አይነዳም። ይህን አንድ ነገር የማያውቅ ጠጋኝ እጅ የገባ ስንቱ ሳይክል ቆሟል።

ዕቃው ከየት ይመጣል?

እስካሁን የተባለው ሁሉ የሚያርፈው በአቅርቦት ላይ ነው። የሳይክል መለዋወጫ ወደ አገር የሚገባው በአመዛኙ ከቻይና ነው፤ መርካቶ ይወርድና ወደ ክልል ከተሞች ይከፋፈላል። ለጋይንት ቅርቡ ትልቅ ገበያ ባሕር ዳር ነው። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋ አብሮ ዘለለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የተባባሰው ግጭትም መንገድ እየዘጋ እንኳን የሳይክል ሰንሰለት መድኃኒትም ያዘገየበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ከሩቅ ታዝዞ የሚመጣ ዕቃ ላይ የተንጠለጠለ ሳይክል አይሆንም።

የሳይክል ባሕል የለንም የሚል ካለ ታሪኩን አያውቅም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ በተሳተፈችበት በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሯት። የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ነገር ግን የውድድሩ ዕውቀትና ጠጋኙ በትልልቅ ከተሞች ክለቦች ዙሪያ ቀርተዋል፤ ወደ ወረዳ አልወረዱም።

በሌላው አፍሪካ የተሞከረ፣ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 የተመሠረተው ዎርልድ ባይሲክል ሪሊፍ፣ ቡፋሎ የሚባል ሳይክል ለዛምቢያ፣ ለማላዊ፣ ለኬንያና ለሌሎችም አገሮች ገጠር አዘጋጅቷል። ከብረት የተሠራ፣ ከባድ፣ 100 ኪሎ የሚሸከም ነው። ዋናው ቁም ነገር ግን ሳይክሉ ላይ አይደለም፤ ከሳይክሉ ጋር በየመንደሩ ጠጋኝ ያሠለጥናሉ፣ አንድ ዓይነት መለዋወጫ በየሱቁ ያስቀምጣሉ። ለጋይንት ቁልቁለት ባለ አንድ ማርሹ ቡፋሎ አይሆንም ብዬ አምናለሁ፤ የኋላ ፍሬኑ በካሊፎርኒያ ተራራ የታየውን ችግር ያመጣል። አሠራሩ ግን ሊቀዳ ይገባል፤ አንድ ወረዳ አንድ ዓይነት ሳይክል፣ አንድ ዓይነት ዕቃ፣ ሁለት የሠለጠኑ ሰዎች።

ሰዎቹ ደግሞ አሉ። የጋይንት ሰው በቅሎውን የሚያስጭንበትን ኮርቻ ሲቀደድ እዚያው ያሰፋዋል፤ ሳይክልም እንደዚያው እዚያው መጠገን ካልቻለ አይለመድም። የባጃጅና የሞተር ሳይክል ጎሚስታዎች ኮምፕረሰር፣ ማስቲሽና እጅ አላቸው። የሚጎድላቸው ጥቂት መሣሪያ ነው፦ የሰንሰለት መፍቻ፣ የክራንክ ማውጫ፣ የካሴት መንቀያ፣ የቸርኬ ሽቦ መወጠሪያ፣ ከ4 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ያሉ አለን ቁልፎች። ሁሉም በአንድ የትከሻ ቦርሳ ይገባሉ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የሞተር ሳይክል ጥገና ሲያስተምሩ የሳይክሉን ሁለት ሳምንት ቢያክሉበት ሌላ ወጪ አያስፈልገውም። የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችና ድርጅቶችም ሳይክል ሲገዙ ከዋጋው አምስተኛውን ያህል ለመለዋወጫ ይለዩ። አሥር ሳይክል ገዝቶ በዓመቱ ሦስት ብቻ ከማስነዳት ስምንት ገዝቶ ስምንቱን ማስነዳት ይሻላል።

ቱብለስን በተመለከተ ፍርዴ ይህ ነው። ለስፖርተኛ፣ ጎብኚ ይዞ ለሚወጣ አስጎብኚ፣ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ተመላላሽ ለሆነ ሰው ይሁን፤ ጠርሙሱን ይዞ ይመለሳል። አርብ ገበያ ውስጥ ለሚኖር መምህር፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ለተማሪ ግን ሲላንቱ በባሕር ዳር ሱቅ ሳያቋርጥ መሸጥ እስኪጀምር ድረስ ባለ ሽሬደር ካላማዳሪያ ይሻለዋል።

ከባሕር ማዶም ሆነ ከአዲስ አበባ ለዘመዳችሁ ሳይክል ለመላክ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ሳይክሉን ብቻ አትላኩ። በዚያው ካርቶን ውስጥ ሁለት ሰንሰለት፣ አራት ጥንድ የፍሬን ሸራ፣ ሦስት ካላማዳሪያ፣ የቫልቭ መለወጫዋን፣ ሁለት የፍሬን ገመድና የሰንሰለት መፍቻ ጨምሩ። ቱብለስ ከሆነም አንድ ሊትር ሲላንት አስገቡ፤ በየሦስት ወሩ እንደሚሞላም በአማርኛ ጽፋችሁ ጠርሙሱ ላይ ለጥፉ።